ሰርቮ ድራይቭ አላርም ሲያወጣ፦ መለዋወጫ ከመግጠማችሁ በፊት ብልሽቱን የመለያ ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጥገና ክፍል የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ሰርቮ ሞተሩን የሚያዘው ድራይቭ ስክሪን ላይ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል፣ የፈረቃው ኃላፊ ከኋላ ቆሞ «መቼ ነው የሚነሳው?» ይላል። ያኔ እግር የሚሮጠው ወደ ስቶር ነው። መለዋወጫ ድራይቭ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ እሱም ጧ ብሎ ይቃጠልና አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል።

እኔም አድርጌዋለሁ። የማሸጊያ ማሽን ላይ ኦቨርከረንት (ከረንት በዛ) የሚል አላርም መጣ፤ ሞተሩንም ኬብሉንም ሳልለካ ያለንን ብቸኛ መለዋወጫ ገጠምኩ። ሰርቮ ኦን ብዬ ወደ ሞተሩ ኃይል ባስለቀቅኩ በሴኮንድ ውስጥ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ባኬላይት ሽታ ፓነሉን ሞላው። ኋላ ስፈልግ የሞተሩ ኬብል በሰንሰለት መያዣው ውስጥ ሲታጠፍ ሲዘረጋ አልቆ ሁለት ሽቦዎች ተነካክተው ነበር። ከተዘረጋ አይነካም፣ ሲታጠፍ ይነካል። አሮጌው ድራይቭ እውነቱን ነበር የተናገረው፤ እኔ አልሰማሁትም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፦ መጀመሪያ ገቢ ኃይል፣ ከዚያ ኬብልና ሞተር፣ ከዚያ ድራይቩ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ቀድማችሁ አዘጋጁ

ዳዮድ የሚለካ መልቲሜትር፣ 500 ቮልት የሚሰጥ ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ)፣ ክላምፕ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ማርከርና ቴፕ፣ ደብተር። የዚያው ሞዴል ማኑዋል ስልካችሁ ላይ ይኑር። «ተመሳሳይ ነው» የተባለ የሌላ ሞዴል ማኑዋል አይሆንም። የድራይቩ ሶፍትዌር ያለበት ላፕቶፕና ኬብሉ ካላችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ሁለት ሁኑ። አንዱ ሲለካ ሌላው ይጻፍ። መብራቱን የሚያጠፋውም የሚያበራውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

## ደረጃ 1፦ አላርሙን ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት አንብቡ

ኦፕሬተሩ ብዙ ጊዜ እናንተ ሳትደርሱ አምስት ጊዜ ሪሴት አድርጎ ይጠብቃችኋል። እንደዚያ ከሆነ የአላርም ታሪክ የሚያሳየውን ሜኑ ክፈቱና ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ፈልጉ። ከኋላ የመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያው ልጆች ናቸው።

የአንዱን አምራች ኮድ ለሌላው አትጠቀሙ። የቮልቴጅ ማነስ ዴልታ ላይ ኤኤል 003፣ ሚትሱቢሺ ላይ ኤኤል 10፣ ያስካዋ ላይ ኤ 410 ነው። ሞተሩ ከታዘዘበት ቦታ ወደኋላ ሲቀር ደግሞ ዴልታ ኤኤል 009፣ ሚትሱቢሺ ኤኤል 52 ይላሉ። ከአንዱ ማሽን የለመዱትን ቁጥር ይዞ ወደ ሌላው መሄድ ስንቱን አሳስቷል።

ከኮዱ እኩል የሚጠቅመው ጊዜው ነው። ኦፕሬተሩን «ምን አለ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፦

- መብራት እንደበራ፣ ሞተሩ ሳይታዘዝ፦ ገቢ ኃይል፣ ኢንኮደር (የሞተሩን ቦታ የሚያነበው) ወይም የድራይቩ ውስጥ።
- ሰርቮ ኦን ሲባል ወዲያው፦ ኬብል፣ የሞተር ዋይንዲንግ (ጥቅል ሽቦው) ወይም አይጂቢቲ (ለሞተሩ ኃይል የሚልከው የድራይቩ ትራንዚስተር)።
- ፍጥነት ሲጨምር፦ የኃይል ማነስ ወይም የጭነት መክበድ።
- ፍጥነት ሲቀንስ፦ የብሬኪንግ ሬዚስተር።
- ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ሥራ በኋላ፦ ሙቀት፣ ፋን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ።
- ምንም ሥርዓት ሳይኖረው፦ የላላ ኮኔክተር፣ የተሰበረ ሽቦ፣ ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ)።

ድራይቩ ገና የሚበራ ከሆነ አሁኑኑ ፓራሜትሮቹን (መቼቶቹን) በላፕቶፕ ገልብጡ። ላፕቶፕ ከሌለ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ነገ ላይበራ ይችላል።

አላርም ሳይኖር ሞተሩ እምቢ ካለ፦ ከድራይቩ ጋር ትግል አትጀምሩ። የደኅንነት ግቤቱ፣ ኤስቲኦ የሚባለው፣ 24 ቮልቱ እየደረሰው እንደሆነ ለኩ። የተከፈተ በር፣ ያልተመለሰ ኢመርጀንሲ ቁልፍ፣ የላላ የደኅንነት ሪሌይ ሽቦ ሁሉም ድራይቩን ዝም ያሰኙታል። ማሽኑን ከሚያዘው ኮምፒውተር፣ ከፒኤልሲ፣ የሚመጣው የሰርቮ ኦን ምልክትም ይታይ።

## ደረጃ 2፦ አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ጠብቁ

ዋናውን ብሬከር አጥፉና ቁልፍ አድርጉበት። ቁልፍ ከሌለ ፊውዙን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ወረቀት መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ ደግሞ «ጠፍቷል» ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ፤ መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግራችሁም፣ ጄኔሬተሩም በራሱ ሊነሳ ይችላል።

ከጠፋ በኋላ ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ጠብቁ። እንደ መጠኑ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። የ380 ቮልት ድራይቭ ካፓሲተሮች ከ500 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ቻርጅ የሚለው ትንሽ መብራት ጠፋ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፣ አምፖሉ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ በፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ባስ (ካፓሲተሮቹ የተያያዙበት ዲሲ ባስ) መካከል ለኩ፤ ከ50 ቮልት በታች እስኪወርድ ምንም አትንኩ። መልቲሜትሩንም አስቀድማችሁ ኃይል እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ፈትኑት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰርቮ ሞተር ውስጥ ቋሚ ማግኔት አለ። ጭነቱ ሞተሩን ካዞረው ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ በሚባሉት ሦስት የሞተር ሽቦዎች ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ብሬከሩ ጠፍቶም ቢሆን። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አክሲስ (ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ ከሥሩ እንጨት ወይም ብረት አስገቡለት። የሞተሩ ፍሬን ይይዘዋል ብላችሁ ከሥሩ አትግቡ።

## ደረጃ 3፦ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጣት

ካቻቢቴ ይዛችሁ ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። የጠቆረ ብሎን፣ የቀለጠ የሽቦ ልባስ፣ ያበጠ ካፓሲተር ፈልጉ፤ አሽትቱም። የድራይቩን ፋን በጣታችሁ አዙሩት፤ ከከበደ ወይም ካንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል።

ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌት ላይ የምትሠሩ እዚህ ጋ ቆዩ። የጥጥ ብናኝ በሂት ሲንኩ (የድራይቩ ማቀዝቀዣ ብረት) ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይጠቀጠቃል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፣ ከታች በባትሪ ሲያዩት ግን ምንም አየር አያሳልፍም። ድራይቩን አውርዳችሁ በብሩሽና በቫኪዩም አጽዱት። የፋብሪካውን ኮምፕረሰር አየር አትንፉበት፤ ውኃና ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ብናኙንም ወደ ካርዱ ያስገባዋል።

ደሴ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጠዋት ላይ ፓነሉ ሲሞቅ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ጠዋት ብቻ የሚመጣ የግራውንድ ወይም የኦቨርከረንት አላርም ካላችሁ፣ ከማብራታችሁ በፊት ፓነሉን ከፍታችሁ አድርቁ፤ የፓነል ማሞቂያ ካለም መሥራቱን እዩ።

## ደረጃ 4፦ ገቢውን ኃይል ለኩ

ይህ ፓነሉ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ የሚሠራ ነው። ልምድ የሌለው ሰው አይግባበት።

መጀመሪያ የድራይቩን ሰሌዳ አንብቡ። የእኛ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። ሰሌዳው 200 ወይም 220 ቮልት የሚል ባለሦስት ፌዝ ድራይቭ ከትራንስፎርመር በኋላ ነው የሚገባው፤ 380 በቀጥታ ከገባበት የሚተርፍ ነገር የለም።

1. በብሬከሩ ላይ ሳይሆን በድራይቩ የራሱ ተርሚናል ላይ፣ ኤል 1፣ ኤል 2፣ ኤል 3 በየሁለት በየሁለቱ ለኩ። ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። ብሬከሩ ላይ ደህና ሆኖ ድራይቩ ላይ ካነሰ መካከል ያለው ኮንታክተር ወይም ፊውዝ ነው።
2. ዲሲ ባሱን ለኩ። ገቢውን በ1.41 አባዙት፦ 380 ቮልት ከሆነ ወደ 537፣ 220 ከሆነ ወደ 310 ቮልት።
3. አሁን ሞተሩን እያሠራችሁ ሁለቱንም እንደገና ለኩ።

ሦስተኛው ነው የሚዘለለው፣ ሦስተኛው ነው የሚያስፈልገው። አንድ ፌዝ ቢጠፋ እንኳ ሞተሩ ቆሞ ሳለ በቀሩት ሁለቱ ካፓሲተሩ ይሞላና መልቲሜትሩ 537 ያሳያችኋል። «ኃይሉ ሙሉ ነው» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ጭነት ሲመጣ ግን ይወድቃል። ሲጫን ከወደቀ ወደ ፊውዞቹና ወደ ኮንታክተሩ ተመለሱ፤ የኮንታክተሩን ነጥቦች ከፍታችሁ እዩ።

24 ቮልቱንም አትርሱ። ድራይቩ ላይ ለኩት፣ ያውም ፍሬኑ በሚለቀቅበት ቅጽበት። ከ21.6 በታች ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል ወይም ጭነት በዝቶበታል።

መብራት ሲመላለስ፦ ብሬከሩን በተከታታይ እያጠፋችሁ አታብሩ። ድራይቩ ሲበራ ካፓሲተሩን ቀስ ብሎ የሚሞላ ሬዚስተር አለው፤ በደቂቃ ውስጥ ደጋግማችሁ ካበራችሁ ይሞቅና ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ይበራል፣ ዲሲ ባሱ ግን አይሞላም። መብራት ተመልሶ ሲረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ አንዴ አብሩ።

## ደረጃ 5፦ ሞተሩንና ኬብሉን ከድራይቩ ለዩ

ደረጃ 2ን ድገሙ። ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩን ከመንቀላችሁ በፊት እያንዳንዱን በቴፕ ምልክት አድርጉ፤ ፎቶም አንሱ።

ለምን ይህን ያህል? ተራ ሞተር የለመደ ኤሌክትሪሺያን ሁለት ፌዝ ቢቀያየር «አዟዟሩ ይገለበጣል፣ በቃ» ይላል። ሰርቮ ላይ እንደዚያ አይደለም። ድራይቩ የሮተሩን ቦታ ከኢንኮደር እያነበበ ነው ኃይል የሚልከው። ፌዝ ከተቀያየረ ሞተሩ ወይ ይንቀጠቀጥና ኦቨርሎድ (ጭነት በዛ) ይላል፣ ወይ ሳይታዘዝ ይፈተለካል። አዟዟሩን መገልበጥ ከፈለጋችሁ በፓራሜትር ነው።

ሀ. የዋይንዲንግ ሬዚስታንስ። ዩ ከቪ፣ ቪ ከደብሊዩ፣ ደብሊዩ ከዩ ለኩ። የሚፈለገው ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ገመዶች አነካክታችሁ የሚያሳየውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ቀንሱ። ትልልቅ ሞተሮች ከ1 ኦም በታች ስለሆኑ ተራ መልቲሜትር ልዩነቱን አያሳይም፤ እዚያ ላይ «እኩል ነው» የሚለውን ብዙ አትመኑት።

ለ. ኬብሉን እያጣጠፋችሁ። አንዱ መልቲሜትሩን እያየ ሌላው ኬብሉን፣ በተለይ በሰንሰለት መያዣው ውስጥ ያለውን፣ ስንዝር በስንዝር ይጠፍ። ማሽኑንም በእጅ ከዳር እስከ ዳር ግፉት። ቁጥሩ ከዘለለ አገኛችሁት። ያ የኔ ድራይቭ በዚህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ይተርፍ ነበር።

ሐ. ኢንሱሌሽን በሜገር። ኬብሉ ከድራይቩ ተነቅሎ፣ 500 ቮልት፣ ከእያንዳንዱ ፌዝ ወደ ሞተሩ አካል። ጤነኛ ሞተር በመቶዎች ሜጋኦም ያሳያል። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ድራይቭ ላይ አታገናኙት። በመካከል ያለው እርጥበት ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል፤ አድርቃችሁ ድገሙ።

ንባቡ መጥፎ ከሆነ ኬብሉን ከሞተሩ ኮኔክተር ላይ ንቀሉና ሁለቱን ለየብቻ ለኩ። ብዙ ጊዜ ኮኔክተሩ ውስጥ የገባ የማቀዝቀዣ ውኃ ወይም ዘይት ሆኖ ይገኛል፣ በተለይ በውኃ የሚታጠቡ የምግብና የመጠጥ ማሽኖች ላይ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሜገሩን ድራይቩ ላይ፣ የኢንኮደር ፒኖች ላይ፣ ወይም ከድራይቭ ያልተነቀለ ኬብል ላይ አታድርጉ። ለማበላሸት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል።

መ. የእጅ ፈተና። ሞተሩ ከጭነቱ ተላቆ፣ ፍሬን ካለው በ24 ቮልት ተለቆ፣ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። ሦስቱ ሽቦዎች ክፍት ሆነው በቀላሉ መዞር አለበት። አሁን ሦስቱን አንድ ላይ አነካክታችሁ አዙሩ፤ ወፍራም ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ከብዶ፣ ግን ወጥ ሆኖ መዞር አለበት። ክፍት ሆኖም እንደዚያው ከከበደ ዋይንዲንጉ ውስጡ ተነካክቷል። አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ወይም የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ነው።

## ደረጃ 6፦ ድራይቩን በዳዮድ ፈትኑ

ገቢው፣ ሞተሩ፣ ብሬኪንግ ሬዚስተሩ ሁሉ ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑ ተለክቶ። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ።

1. ቀዩን በዲሲ ባስ ኔጌቲቭ ላይ አኑሩ፤ ጥቁሩን በተራ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ ላይ። ከ0.3 እስከ 0.6 መካከል፣ ሦስቱም ተቀራራቢ ይሁኑ።
2. ጥቁሩን በፖዘቲቭ ላይ አኑሩ፤ ቀዩን በተራ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ ላይ። ተመሳሳይ ንባብ።
3. ሁለቱንም ገልብጣችሁ ድገሙ። አሁን ክፍት ማሳየት አለበት። ካፓሲተሩ እየሞላ ስለሚሄድ ቁጥሩ ቀስ እያለ ቢያድግ አይግረማችሁ።
4. ለኤል 1፣ ኤል 2፣ ኤል 3ም እንዲሁ።

በየትኛውም አቅጣጫ 0 ወይም ጢጥ የሚል ድምፅ ካገኛችሁ አይጂቢቲው ወይም ሬክቲፋየሩ (ገቢውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ሄዷል። ያንን ድራይቭ ዳግም አታብሩት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ድራይቮች ገቢያቸው በታይሪስተር (ሲታዘዝ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ) ስለሆነ ጤነኛ ሆኖም በአንድ በኩል ክፍት ያሳያል፤ አንዳንድ ትናንሾቹም ላይ ኔጌቲቩ ወደ ውጭ አይወጣም። ጎኑ ተመሳሳይ ጤነኛ ድራይቭ ካለ እሱን ለክታችሁ አወዳድሩ፤ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ይህ ፈተና የተነካካውን እንጂ የአይጂቢቲውን ማዘዣ ካርድ ብልሽት አያገኝም። ፈተናውን አልፎ ሞተሩ ተነቅሎም ሰርቮ ኦን ሲባል ኦቨርከረንት ካለ፣ ያኔ ጥፋቱ የድራይቩ ነው ማለት ትችላላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ኢንኮደር

እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ኢንኮደሩ ባትሪ ያለው ከሆነ ኮኔክተሩን ስትነቅሉ ወይም ባትሪውን መብራት በጠፋበት ስትቀይሩ የዜሮ ቦታው ይጠፋል። ማሽኑ ቤቱን ይረሳል። ባትሪው በብዛት 3.6 ቮልት ሊቲየም ነው፤ የምትቀይሩት የድራይቩ መቆጣጠሪያ ኃይል በርቶ ነው። መንቀል ግድ ከሆነ ማሽኑን ወደ ዜሮው ምልክት አምጥታችሁ፣ አካሉ ላይ በማርከር አስምራችሁ ንቀሉ። ለረጅም ቀን መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የቦታ መጥፋት አላርም ከመጣ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ከዚያ፦

- ኮኔክተሮቹን ነቅላችሁ ፒኖቹን እዩ። የታጠፈ፣ ወደኋላ የሸሸ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ፒን ፈልጉ።
- 5 ቮልቱን በድራይቩ በኩል ሳይሆን በሞተሩ በኩል ለኩ። ከ4.75 በታች ከሆነ ኬብሉ ረዝሟል ወይም አንድ ክሩ ተበጥሷል።
- ኬብሉን ከደህና አክሲስ ጋር ቀያይሩ። አላርሙ ከኬብሉ ጋር ከሄደ ኬብሉ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ከቀረ ኢንኮደሩ። ከኢንኮደር በፊት ሁልጊዜ ኬብል።
- አላርሙ አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ያውም ትልቅ ሞተር ሲነሳ ወይም ጎን ብየዳ ሲሠራ ከሆነ፣ ሺልዱን (ኬብሉን የሸፈነውን የብረት መረብ) እዩ። የሺልዱ መረብ ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ መያዝ አለበት። ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ቴፕ የታሰረ ሺልድ እንደሌለ ቁጠሩት። የኢንኮደሩን ኬብል ከሞተሩ ኬብል ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቁ፤ መሻገር ካለባቸው በመስቀል ይሻገሩ።

ኢንኮደሩን ፈትታችሁ አትግጠሙ። ከሮተሩ ጋር ልኩ ከተዛባ ሞተሩ በትክክል አይዞርም፣ ልኩን ለመመለስም መሣሪያው የለንም። ፑሌጅያም ሆነ ጁንቶ ስታስገቡ ዘንጉን በመዶሻ አትምቱ። በኋላ በኩል ያለው የኢንኮደሩ ዲስክ ነው የሚሰነጠቀው፤ «አዲስ ሞተር ነበር፣ ሲገጠም ጀምሮ እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

## ደረጃ 8፦ ኦቨርሎድ ከሆነ ፍሬኑንና ሜካኒኩን

ፍሬኑ ሲለቅ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ካልተሰማ በሞተሩ ኮኔክተር ላይ 24 ቮልት ለኩ። ቮልቱ ካለና ካልለቀቀ የፍሬኑን ኮይል ሬዚስታንስ ለኩ፤ ሰሌዳው 10 ዋት ካለ 24 ሲባዛ 24 ሲካፈል 10፣ ወደ 58 ኦም ነው። ክፍት ካሳየ ተቃጥሏል። ቮልቱ ከሌለ ሪሌዩንና የፓራሜትር መቼቱን እዩ።

ፍሬኑ ደህና ከሆነ ሞተሩን ከጭነቱ አላቁና በጆግ (ቁልፍ ተጭኖ በእጅ በማዘዝ) በዝግታ አዙሩት። ዘንጉ ላይ የተሰካውን የብረት ቁልፍ (ኪይ) አውጡ ወይም እሰሩ፤ ተፈትልኮ ይወጣል። ብቻውን በጸጥታ ከዞረ ሞተሩንና ድራይቩን ተዉአቸው፤ ጥፋቱ ኩሽኔታ፣ የጠበቀ ቺንጋ፣ የደረቀ ግራሶ ወይም የተቀረቀረ ዕቃ ላይ ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ በሞቃት ከሰዓት ብቻ ኦቨርሎድ ወይም የሙቀት አላርም ካለ፣ ከፍታውን አስቡ። አብዛኞቹ ድራይቮች ሙሉ አቅማቸው የተጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይቸግረዋል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ 8 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ 15 በመቶ። ከ2,000 ሜትር በላይ አንዳንድ አምራቾች ጭራሽ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፣ ማኑዋሉ ላይ አንብቡት። ማሽኑን የገጠሙት ሰዎች ይህን ሳያስቡ በልኩ ድራይቭ አስገብተው ከሆነ በፓራሜትር የምትፈቱት ነገር የለም፦ የማፋጠኛ ጊዜውን ማርዘም፣ የፓነሉን ፊልተር ማጽዳት፣ ካልሆነ አንድ ደረጃ ትልቅ ድራይቭ።

## ደረጃ 9፦ ሲቀንስ የሚመጣ ኦቨርቮልቴጅ

አጭር ነው። ሞተሩ ሲቆም ጉልበቱን ወደ ዲሲ ባስ ይመልሳል፣ ሬዚስተሩ ያቃጥለዋል። አጥፍታችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ሬዚስተሩን ንቀሉና ኦሙን ከሰሌዳው ጋር አወዳድሩ። ክፍት ከሆነ ቀይሩ። ደህና ከሆነ የመቀነሻ ጊዜውን ለሙከራ እጥፍ አድርጉ፤ አላርሙ ከጠፋ ጭነቱ ከብዷል ወይም ሬዚስተሩ አንሷል። ከሰሌዳው ያነሰ ኦም ያለው ሬዚስተር «ካለው ይሻላል» ብላችሁ አትግጠሙ፣ የሚያበራውን ትራንዚስተር ታቃጥሉታላችሁ። ከመንካታችሁም በፊት ይብረድ፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

## ደረጃ 10፦ አሁን መለዋወጫውን ግጠሙ

ደረጃ 5 ንጹሕ ካልሆነ እዚህ አትድረሱ።

1. የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክሩ። አንዲት ፊደል የኢንኮደሩን ዓይነት ትለውጣለች።
2. መለዋወጫው ስቶር ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ? እንደ አምራቹ ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ የካፓሲተሩ የውስጥ ኦክሳይድ ሽፋን ሊደክም ይችላል። በሙሉ ቮልቴጅ ድንገት አታብሩት፤ ማኑዋሉ በሚለው መሠረት ዝቅ ካለ ቮልቴጅ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስለምዱት። እኛ አገር መለዋወጫ ሲገኝ ተገዝቶ ዓመታት ስለሚቀመጥ ይህ የሁላችንም ጣጣ ነው።
3. ፓራሜትሩን ጫኑ፤ ከዚያ አጥፍታችሁ አብሩ። አንዳንዱ ፓራሜትር ከዚያ በፊት አይሠራም።
4. ሞተሩ ገና ከጭነቱ ሳይገናኝ፣ የቶርክ (የማዞር ጉልበት) ገደቡን ዝቅ አድርጋችሁ፣ አንዱ ኢመርጀንሲው ላይ እጁን አድርጎ በዝግታ ጆግ አድርጉ። ከፈተለከ ወይም ከተንቀጠቀጠ አጥፉና ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩን ከፎቶው ጋር አመሳክሩ።
5. ካገናኛችሁ በኋላ ዜሮውን መልሱ፤ ምርት ከመጀመሩ በፊት በባዶው ጥቂት ዙር አሠሩት።

ወደ ጥገና የምትልኩት ከሆነ

የተበላሸውን ድራይቭ «አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ወረቀት ላይ ይህን ጻፉና ሰውነቱ ላይ ለጥፉ፦ የመጀመሪያው አላርም ኮድ፣ የመጣበት ቅጽበት፣ ገቢው ቮልቴጅ ቆሞና ሠርቶ፣ ዲሲ ባሱ፣ የዳዮድ ንባቦቹ፣ የሞተሩ ኦምና ሜጋኦም። ባትሪውንና ተነቃይ ተርሚናሎቹን አውጥታችሁ እናንተ ዘንድ አስቀሩ፤ ሄደው የሚመለሱት አልፎ አልፎ ነው።